ከርነል በየሳምንቱ ሲወጣ፦ ጄንቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ኮምፒውተር መቼ ሪስታርት እንደሚደረግ ሁልጊዜ የሚወስነው ባለቤቱ አይደለም። መብራት ሲሄድ ይጠፋል፣ ሲመጣ ይነሳል። የጄንቱ (ፕሮግራሞቹን ከሶርስ ኮዳቸው እዚያው ማሽን ላይ የሚሠራ የሊኑክስ ዓይነት) መመሪያዎች ግን ከርነሉን (ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረውን የሲስተሙን እምብርት) ጭናችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ሲመቻችሁ ሪስታርት አድርጋችሁ የምትሞክሩት አስመስለው ነው የተጻፉት። እዚህ በመጫንና በመሞከር መካከል ሌሊት አለ። ተጭኖ ሳይሞከር ያደረ ከርነል፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ማንም በሌለበት ይሞከራል። ካልተነሳ ጠዋት ቢሮ የገባው ሰው የሚጠብቀው ጥቁር ስክሪን ነው። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ሶርስ አውርዶ ኮምፓይል በሚደረግበት (ወደሚሠራ ፕሮግራም በሚቀየርበት) ሲስተም ላይ ከርነል የሚያድስ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ያልተሞከረ ከርነል የቡት ዝርዝሩ አናት ላይ እንዳያድር ማድረግ ነው። ዳውንሎዱ፣ ኮንፊጉ (የከርነሉ አማራጮች ምርጫ) እና ኮምፓይሉ አድካሚ ናቸው እንጂ ማሽን አይገድሉም።

(ትዕዛዞቹን በምንጠራቸው ድምፅ ጽፌያቸዋለሁ። ጄንቱን የጫነ ሰው ተርሚናል ላይ አጻጻፋቸው አይጠፋውም።)

ድግግሞሹን እንይ። ከሊነስ ቶርቫልድስ እጅ የሚወጣው ዋናው ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ አዲስ ስሪት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግሬግ ክሮህ-ሃርትማንና ሳሻ ሌቪን በሚመሯቸው የስቴብል መስመሮች በኩል ማስተካከያዎች በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በሳምንት ሁለቴ ይለቀቃሉ። በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከሚወጡት አንዱ ደግሞ ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው) ተብሎ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ማስተካከያ ያገኛል፦ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 5.15፣ በ2022 6.1፣ በ2023 6.6፣ በ2024 6.12። ጄንቱ በስቴብል ቅርንጫፉ የሚያጸድቀው እነዚህኑ የኤልቲኤስ መስመሮች ነው። የሙከራውን ቅርንጫፍ፣ ማለትም ቲልዴ ኤኤምዲ64ን፣ ለከርነል የከፈተ ሰው ግን ዎርልዱን (የጫነውን ፕሮግራም ሁሉ) ባደሰ ቁጥር አዲስ ከርነል ይጠብቀዋል። ለእኛ ዳታና ለእኛ መብራት ይህ የሚያዋጣ አይመስለኝም። አንድ የኤልቲኤስ መስመር መርጣችሁ ከዚያ በላይ ያለውን በፓኬጅ-ማስክ ፋይል ዝጉት። 6.12 ላይ ከሆናችሁ ከ6.13 ጀምሮ ያለውን ጄንቱ-ሶርስስ (የከርነሉን ሶርስ የያዘውን ፓኬጅ) የሚከለክል አንድ መስመር ይበቃል።

በአንድ መስመር ላይ መቆየት ዳታም ይቆጥባል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጄንቱ-ሶርስስ የሚወርደው በሁለት ክፍል ነው። አንደኛው የመስመሩ የመጀመሪያ ሶርስ ሲሆን ለ6.12 ወደ 140 ሜጋባይት ይጠጋል። ሁለተኛው ጄንፓችስ የሚባለው ነው፤ ከመጀመሪያው ስሪት እስከ ዛሬው ያለውን ማስተካከያ ሁሉ የያዘ ጥቂት ሜጋባይት። ትልቁ ፋይል /ቫር/ካሽ/ዲስትፋይልስ ውስጥ እስካለ ድረስ ቀጣዩ ማስተካከያ የሚያስወርዳችሁ ትንሹን ብቻ ነው። ዲስክ ጠበበ ብላችሁ ያንን አቃፊ ጠርጋችሁ ካጠፋችሁት 140ውን ሜጋባይት እንደገና ትከፍላላችሁ። ከ6.6 ወደ 6.12 ስትዘሉም እንዲሁ ሙሉውን ነው።

ዳታው የሌሊት ጥቅል ከሆነ ማውረዱንና ኮምፓይሉን ለዩአቸው። ኢመርጅ (የጄንቱ የመጫኛ ትዕዛዝ) ፌችኦንሊ ሲባል አውርዶ ያቆማል፤ ኮምፓይሉ በቀን ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ፌችኦንሊ ላይ ፕሪቴንድ ሲጨመርበት ደግሞ ምንም ሳያወርድ የፋይሎቹን አድራሻ ብቻ ያትማል። ዝርዝሩን ወስዳችሁ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ ወይም ካምፓስ አውርዳችሁ በፍላሽ አምጥታችሁ ዲስትፋይልስ ውስጥ ብትከቱት፣ ፖርቴጅ (የጄንቱ የፓኬጅ አስተዳዳሪ) የፋይሉን ቼክሰም አመሳክሮ ይቀበለዋል። የፓኬጅ ዝርዝሩን ሲንክ ማድረግም ከቀን አንዴ በላይ አይደረግም። የጄንቱ ሰርቨሮች ደንብ ነው፤ ለኪሳችንም ደግ ደንብ ነው።

የትኛውን ማስተካከያ እናሳልፍ፣ የትኛውን አናሳልፍ የሚለው ከባዱ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ የከርነል ፕሮጀክቱ የሲቪኢ (የደኅንነት ቀዳዳ መለያ) ቁጥር የሚሰጠው ራሱ ነው፤ ደኅንነትን ሊነካ የሚችል ለሚመስል ማስተካከያ ሁሉ ይሰጣል። ስለዚህ በየሳምንቱ በደርዘን የሚቆጠር ሲቪኢ ታያላችሁ፤ አብዛኛው እናንተ ኮምፓይል እንኳ ያላደረጋችሁት ድራይቨር ላይ ያለ ነው። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። የሚያስደነግጠው በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. የታወቀው የደርቲ ፓይፕ ዓይነት ነው፦ ከ5.8 ጀምሮ የነበረ ስህተት፣ ማንም ተራ ተጠቃሚ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል እንዲያበላሽና ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) እንዲሆን የሚያስችለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ እንዳለው ዓይነት ብዙ ተማሪ በአንድ ማሽን ላይ ሎግኢን የሚያደርግበት ላብ ከሆነ እንዲህ ያለው በዕለቱ ይጫናል። አንድ ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ላፕቶፕ ላይ ጥቂት ቀን ቢቆይ ሰማይ አይደፋም።

መቸኮልም የራሱ ዕዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው 6.1.64 በኤክስት4 (የሊኑክስ የዲስክ ፋይል ሲስተም) ላይ ያለ ዳታ የሚያበላሽ ስህተት ይዞ ነበር። ከሌላ ለውጥ ጋር ተጣምሮ መምጣት የነበረበት ማስተካከያ ብቻውን ወደ አሮጌው መስመር ተወሰደና ቀጥታ ወደ ዲስክ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ላይ ጉዳት አመጣ። ዴብያን የተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት በዚሁ ምክንያት ስሪት 12.3ን ሊለቅ ተዘጋጅቶ አስቆመው። ማስተካከያው እስኪወጣ ሳይጭን የቆየ ሰው ምንም አልነካውም። የእኔ ልክ ይሄ ነው፦ በወር አንዴ ማደስ፣ ያም ቢሆን ከወጣ ሳምንት የሞላውን። ማሽኑ ላይ ሎግኢን ያደረገ ሰው ወይም ከኔትወርክ የመጣ ሊጠቀምበት የሚችል አደገኛ ቀዳዳ ሲሰማ ብቻ ልኩ ይሻራል።

ሦስት ዓይነት ፓኬጅ አለ፦ ሶርሱን ብቻ የሚያስቀምጠው ጄንቱ-ሶርስስ፣ ራሱ ኮንፊግና ኮምፓይል አድርጎ የሚጭነው ጄንቱ-ከርነል፣ እና ተሠርቶ ያለቀው ጄንቱ-ከርነል-ቢን። የተለመደው ምክር ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ቦታ ግን ሁለተኛው ከሦስቱ የማይመቸው ነው ባይ ነኝ። ፖርቴጅ ውስጥ የሚካሄድ ኮምፓይል መሃል ላይ ከተቋረጠ በተለመደው አሠራር ሥራውን ጠርጎ ከዜሮ ይጀምራል፤ /ቫር/ቲኤምፒ/ፖርቴጅን ራም ላይ ያደረገ ሰውማ የሚጠረግ ነገር እንኳ አይተርፈውም። ጄንቱ-ሶርስስን አውርዶ በእጅ ሜክ (ኮምፓይሉን የሚያካሂደው ትዕዛዝ) የሚል ሰው ግን መብራት ሲመለስ ሜክን ደግሞ ሲጠራው ካቆመበት ይቀጥላል። በእጅ መሥራት ለማይወድ ከርነል-ቢን በቂ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

አሁን ኮንፊግ። አዲሱ ሶርስ ከወረደ በኋላ በኢሴሌክት ከርነል ሴት /ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ የሚባለው ሊንክ ወደ አዲሱ እንዲያመለክት አድርጉ። ይህ ከተረሳ እንደ ኤንቪዲያ ያሉት ከከርነሉ ውጭ የሚሠሩ ሞጁሎች (ከርነሉ ሲያስፈልጉት የሚጭናቸው ክፍሎች) ለአሮጌው ከርነል ይሠራሉ፤ አዲሱ ሲነሳ ስክሪኑ ግራፊክ የለውም። ከዚያ አሁን እየሠራ ያለውን ከርነል ኮንፊግ አምጡ፤ ከርነሉ እንዲያሳየው ተደርጎ ተሠርቶ ከሆነ /ፕሮክ/ኮንፊግ-ጂዚ ውስጥ ተጨምቆ ይገኛል። በዶት-ኮንፊግ ስም አዲሱ አቃፊ ውስጥ አስቀምጡት።

በአንድ መስመር ውስጥ፣ ለምሳሌ ከአንድ 6.12 ወደ ቀጣዩ 6.12፣ አዲስ ጥያቄ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ ብሎ ማለፍ ይቻላል። መስመር ስትቀይሩ ግን አይሆንም። ኦልድዴፍኮንፊግ አዲሱን ጥያቄ ሁሉ ሳይጠይቅ በነባሪው መልስ ይሞላል፤ ስማቸው የተቀየረ አማራጮች የሚጠፉት እዚህ ላይ ነው። 5.6 ላይ ተንደርቦልት የሚለው አማራጭ ዩኤስቢ4 ተባለ። የድሮውን ስም በኮንፊጋቸው ይዘው በነባሪው መልስ ያለፉ ሰዎች ከርነላቸው ያለ ምንም ስህተት ተሠራ፣ ተነሳም፤ የተንደርቦልት ዶካቸው ግን የለም። ስለዚህ መስመር ሲቀየር መጀመሪያ ሜክ ሊስትኒውኮንፊግ በሉና አዲሶቹን ዝርዝር ተመልከቱ፤ ቀጥሎ በሜክ ኦልድኮንፊግ አንድ በአንድ መልሱ። ጥያቄው ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። አብዛኛው እናንተ ዘንድ የሌለ ሃርድዌር ነው፤ የማታውቁት ላይ የጥያቄ ምልክት ስትጽፉ ማብራሪያው ይወጣል። ሲያልቅ ዲፍኮንፊግ የሚባለው በሶርሱ ስክሪፕትስ አቃፊ ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም አሮጌውንና አዲሱን ዶት-ኮንፊግ አነጻጽሮ የተጨመረውን፣ የተቀየረውንና የወደቀውን ያሳያል። የመቀነስ ምልክት ያለባቸውን ብቻ አንብቡ፤ ጉዳት ካለ እዚያ ነው።

ኮምፓይሉን ለማሳጠር ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ የሚባል ጥሩ መሣሪያ አለ። በዚያች ሰዓት ተጭነው ያሉትን ሞጁሎች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይቆርጣል። ሙሉ ኮንፊግ ሰዓታት የሚፈጅበት አሮጌ ላፕቶፕ በዚህ ከአንድ ሰዓት በታች ሲወርድ ይታያል። ነገር ግን ያን ጊዜ ያልተሰካ ነገር ሁሉ የለም ተብሎ ይቆረጣል። ኢንተርኔታችን ብዙ ጊዜ በዩኤስቢ ገመድ ከስልክ የሚመጣ ነው፤ ስልኩ ሳይሰካ ሎካልሞድኮንፊግ ያደረገ ሰው አርኤንዲአይኤስ-ሆስትና ሲዲሲ-ኢተር የሚባሉትን ሞጁሎች ያጣል። አዲሱ ከርነል ሲነሳ ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ኔትወርክ አይሰጥም፤ መፍትሔውን ለማውረድ ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል። የሁዋዌ ዶንግል የምትጠቀሙ ሁዋዌ-ሲዲሲ-ኤንሲኤምንና ኦፕሽን የሚባለውን ሴሪያል ድራይቨር ተመልከቱ። ፍላሽና የቡት ፓርቲሽን ለመክፈት ቪፋት የሚባለው የፋይል ሲስተም ብቻውን አይበቃም፤ ኮድፔጅ 437 እና አይኤስኦ 8859-1 የሚባሉት የፊደል ሠንጠረዦችም አብረው መኖር አለባቸው። ከሌሉ ማውንት ሲደረግ ኮድፔጁ አልተገኘም ይላል፤ ሰው ደግሞ ፍላሹ የተበላሸ ይመስለዋል። እንግዲህ ስልኩን፣ ፕሪንተሩን፣ ፍላሹን፣ ዶንግሉን፣ ፕሮጀክተሩን ሁሉ ሰክታችሁ፣ አንዴ ተጠቅማችሁባቸው፣ ከዚያ ነው ሎካልሞድኮንፊግ የሚባለው። ዲበግ-ኢንፎንም አጥፉት። ከርነል ላይ ምርምር ለማይሠራ ሰው ጥቅም የለውም፤ ራምና ዲስክ ግን ይበላል፤ ቢቲኤፍ የሚባለው ክፍሉማ መጨረሻው ላይ ራሙ ያነሰ ማሽን ያንቃል።

ሜክ ላይ የምትሰጡት የጄ ቁጥር (በአንድ ጊዜ የሚካሄደው ሥራ ብዛት) ከኮሩ ብዛት ባይበልጥ ይሻላል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ብርዱ ግን ያካክሰዋል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን ይሞቃል፣ አቧራውም አለ። አራት ኮር ያለው ላፕቶፕ ቀትር ላይ በጄ4 ከሚፋጅ በጄ3 ቢሠራ ብዙ አይዘገይም። ጂሲሲ (ኮምፓይል የሚያደርገው ፕሮግራም) የራሱ የውስጥ ስህተት ሆኖ ከወደቀ ተመልከቱ፦ በደገማችሁት ቁጥር የሚወድቅበት ፋይል የተለያየ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ወይም ራም ነው። ሁልጊዜ አንድ ፋይል ላይ ከሆነ ሶፍትዌሩ ነው።

መብራት መሃል ላይ ሲሄድስ? ሜክ ይቀጥላል ብያለሁ፤ አንድ ጣጣ ግን አለው። ኤክስት4 የተጻፈውን ዳታ ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍረውም። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የተሠሩ የኦ ፋይሎች (ኮምፓይል የተደረጉ ቁርጥራጮች) ስማቸው ተመዝግቦ ውስጣቸው ባዶ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ሜክ ፋይሉን በስምና በሰዓት ስለሚያየው ተሠርቷል ብሎ ያልፈዋል፤ በኋላ ቁርጥራጮቹን የሚያገጣጥመው ሊንከር የፋይሉን ዓይነት አላወቅሁትም ብሎ ይቆማል። ፋይንድ በሚለው ትዕዛዝ መጠናቸው 0 የሆኑ የኦ ፋይሎችን ፈልጎ ማጥፋትና ሜክን መድገም ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ባዶ ፋይል ሁሉ ይጥፋ ግን አትበሉ፤ ኢንክሉድ/ኮንፊግ ውስጥ ያሉት ሆን ተብለው ባዶ የተሠሩ የሰዓት ምልክቶች ናቸው። ሁሉም ከተዘበራረቀ ሜክ ክሊን በሉ፤ ኮንፊጉን አይነካም። ሜክ ኤምአርፕሮፐር ግን ዶት-ኮንፊግንም ይዞት ይሄዳል።

ትንሽ ዩፒኤስ (የመብራት መጠባበቂያ) ኮምፓይሉን አይዘልቅም። የሚጠቅመው ለቀጣዩ ደረጃ፣ ለመጫኑ ነው። ሜክ ሞጁልስ-ኢንስቶልና ሜክ ኢንስቶል የሚወስዱት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ግን ሜክ ኢንስቶል የሚጽፈው የቡት ፓርቲሽን ላይ ነው፣ እሱም ዩኢኤፍአይ ባለው ማሽን ብዙ ጊዜ ቪፋት ነው፣ ድንገተኛ መጥፋትን የሚቋቋምበት ጆርናል የለውም። ከመጀመራችሁ በፊት /ቡት ማውንት መሆኑን አረጋግጡ። ኤፍኤስታብ (የማውንት ዝርዝሩ) ላይ ኖኦቶ (በራሱ ማውንት አይሁን) የተባለ ከሆነ ከርነሉ ከማውንቱ ሥር ባለው ተራ አቃፊ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሪስታርት ስታደርጉ ዩኔም (የሚሠራውን ከርነል ስሪት የሚናገረው ትዕዛዝ) አሁንም አሮጌውን ቁጥር ይነግራችኋል። ቦታውንም በዲኤፍ እዩ። ከዊንዶውስ የተወረሰ የቡት ፓርቲሽን ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ነው፤ ሁለት ከርነልና ሁለት ኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ ሲነሳ ዲስኩን ለመክፈት የሚጠቀምበት ትንሽ ሲስተም) ያጨናንቁታል። ኢኒትራምኤፍኤሱን የሚሠራውን ድራካትን በሆስትኦንሊ (ለዚያው ማሽን ብቻ) ማሠራት መጠኑን በብዙ ይቀንሰዋል። ቦታ አልቆ ተቆርጦ የቀረ ኢኒትራምኤፍኤስ ሲነሳ ከርነሉ ሩት ፋይል ሲስተሙን ማውንት ማድረግ አልቻልኩም ብሎ ፓኒክ ያደርጋል (መቀጠል አቅቶት ይቆማል)። በቅንፍ የሚጽፈው ቁጥር ይጠቅማል፦ 0፣0 ከሆነ ዲስኩን ጭራሽ አላየውም፤ የዲስክ ድራይቨሩ ወይም ኢኒትራምኤፍኤሱ የለም። 8 ወይም 259 ከሆነ ዲስኩን አይቶታል፤ የጎደለው የፋይል ሲስተሙ ነው። ሁሉ ከተገለበጠ በኋላ ሲንክ በሉ፤ ያልተጻፈውን ዳታ ዲስኩ ላይ ያሰፍረዋል።

አሁን መጀመሪያ ወዳነሳሁት ነገር። ግራብ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የቡት ዝርዝሩን የሚያሳየው ፕሮግራም) በነባሪው አዲሱን ከርነል አናት ላይ አስቀምጦ እሱን ያስነሳል። ይህን ቀይሩት። በ/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ ውስጥ ግራብ-ዲፎልትን ሴቭድ አድርጉት፣ ሰብሜኑውን አጥፉት፣ በከርነሉ መስመር ላይ ፓኒክ=10 ጨምሩበት። ከዚያ ግራብ-ኤምኬኮንፊግ። ቀጥሎ ግራብ-ሴት-ዲፎልት ብላችሁ የተፈተነውን አሮጌ ከርነል ነባሪ አድርጉት፤ በተራ ቁጥር ሳይሆን በስሙ፣ ምክንያቱም አዲስ ከርነል ሲጨመር ቁጥሮቹ ይገፋሉ። አሁን መብራት ቢሄድና ቢመጣ የሚነሳው አሮጌው ነው።

ለመሞከር ዝግጁ ስትሆኑ ግራብ-ሪቡት አዲሱን ለአንድ ጊዜ ብቻ ያዘጋጀዋል። ከተነሳ መልካም። ፓኒክ ካደረገ ከ10 ሰከንድ በኋላ ራሱ ሪስታርት አድርጎ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ይህ ደሴ ተቀምጦ ኮምቦልቻ ያለ ሰርቨር በኤስኤስኤች ለሚያድስ ሰው የሚኒባስ ወጪ ያስቀርለታል። ሁለት ቀዳዳ አለው። ፓኒክ ሳይሆን ድራካት የአደጋ ጊዜ ሼል ከፍቶ ከቆመ ማሽኑ እዚያው ይጠብቃል፤ ለዚህ አርዲ-ሼል=0 እና አርዲ-ኢመርጀንሲ=ሪቡት አብረው ይገባሉ። ሌላው፣ ግራብ የአንድ ጊዜ ምርጫውን የሚሰርዘው ፋይሉ ላይ መጻፍ ከቻለ ነው። /ቡት ኤልቪኤም ወይም ሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምሩ አሠራሮች) ላይ ከሆነ አይችልም፤ ያው የተበላሸ ከርነል እየተደጋገመ ይነሳል። /ቡት ተራ ኤክስት4 ወይም ቪፋት ላይ ይሁን።

ከተነሳ በኋላ ዩኔምን እዩ፣ የዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ስህተቶች በአሮጌው ከርነል ጊዜ ካስቀመጣችሁት ፋይል ጋር አነጻጽሩ፣ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ላፕቶፕ ከሆነ ስሊፕ አድርጎ መንቃቱን ሞክሩ። አንድ ሁለት ቀን ከሠራ ያኔ በግራብ-ሴት-ዲፎልት ነባሪ ይሁን።

ጽዳቱ ከዚህ በኋላ ነው። ኢመርጅ ዴፕክሊን የአሮጌውን ሶርስ ያነሳል፤ እናንተ በሜክ የፈጠራችኋቸውን የኦ ፋይሎች ግን አያውቃቸውም፣ አቃፊው በጊጋባይት ተሞልቶ ይቀራል፤ በእጅ ይጠፋል። ለ/ቡትና ለሞጁሎቹ ኢክሊን-ከርነል አለ፤ በኤን 3 ሦስቱን አዳዲስ አስቀርቶ ሌላውን ያነሳል፣ በፒ ደግሞ ሳይነካ ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ያሳያል። እየሠራ ያለውን ከርነል ሞጁሎች ያጠፋ ሰው ወዲያው ምንም አይታየውም። በኋላ ፍላሽ ሲሰካ አይከፈትም፤ ቪፋቱ ገና አልተጫነም ነበር፣ አሁን ደግሞ ዲስክ ላይ የለም።

ብዙ ተመሳሳይ ማሽን ያለበት ቦታ በየአንዳንዱ ኮምፓይል ማድረግ ብክነት ነው። ሜክ ታር-ኤክስዚ-ፓኬጅ የተሠራውን ከርነልና ሞጁሎቹን አንድ ፋይል አድርጎ ይጠቀልላል፤ በፍላሽ ይሄዳል። ከርነል የሜክ-ኮንፍ ፋይላችሁን ሲፍላግስ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጡ አማራጮች) ስለማይጠቀም፣ በኮንፊጉ ፕሮሰሰሩን ጄነሪክ ካደረጋችሁት በሌላ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ማሽን ላይም ይሠራል። የፋይል ሲስተሙ ሥር (/) ላይ ስትዘረግፉት ግን ታሩን ኪፕ-ዳይሬክተሪ-ሲምሊንክ በሚለው አማራጭ ጥሩት። አዲሶቹ ሲስተሞች ላይ /ሊብ ወደ /ዩኤስአር/ሊብ የሚያመለክት ሊንክ ነው። ታር ያለዚያ አማራጭ ሊንኩን አንስቶ በቦታው ሞጁል ብቻ ያለበት አቃፊ ያኖራል፤ ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ኤልኤስ እንኳ አይሠራም። ኢኒትራምኤፍኤሱን ደግሞ አብራችሁ አትውሰዱ። በሆስትኦንሊ ኮምቦልቻ የተሠራው የኮምቦልቻውን ዲስክ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ደሴ ላይ ድራካትንና ግራብ-ኤምኬኮንፊግን እዚያው ማሽን ላይ እንደገና አሠሩ።